አራተኛዋ ተጫዋች

ምራት ሆኜ ወደዚህ ቤተሰብ ስገባ፣ የቤቱን ነገር ሁሉ የሚቆርጡት ካርታና ዳይስ መሆናቸውን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የሠርጋችን ድግስ በማን ቤት ይሁን ሲባል ባሌ፣ ወንድሙና እህቱ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። እኔ ሊመካከሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ካርታ ሊበውዙ ነው። ባሌ ተሸነፈና ድግሱ እኛው ላይ ወደቀ፤ ሙሽራ ሆኜ ድንች ስልጥ ዋልኩ። ያኔ ስቄበታለሁ፤ ሙሽራ ምን የማይስቅበት ነገር አለ።

ጨዋታውን ዳኛ ይሉታል። የፈጠሩት የባሌ አባት ናቸው። በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሚዛን ላይ የሠሩ፣ ጭቅጭቅ የሚያንገሸግሻቸው ሰው ነበሩ። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ማን ሳህን ይጠብ፣ ማን በሩ ሥር ይተኛ፣ የጎረቤቱን መስታወት የሰበርነው እኛ ነን ብሎ ማን ይናገር እያሉ ቤቱን ሲያምሱት፣ ሽማግሌው ሦስት ንጉሦች የጠፉበት አሮጌ ካርታና ከሌላ ጨዋታ የተረፉ ሁለት ዳይሶች አገናኝተው «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ክርክር የለም፤ ዳኛ አለ» አሉ። እሳቸው ሞቱ፣ ሕጋቸው ግን አልሞተም።

ሕጉ ቀላል ነው። ለአራት ሰው ካርታ ይታደላል። ተራህ ሲደርስ ሁለቱን ዳይሶች ትጥላለህ። ድምሩ ለምሳሌ ስምንት ከሆነ፣ ስምንት ወይም ከዚያ በታች የሆነ አንድ ካርታ ታወርዳለህ፤ ከሌለህ ታልፋለህ። ካርታውን የጨረሰ ነፃ ወጣ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ካርታ እጁ ላይ የቀረበት ተሸናፊ ነው። ጣጣው ያለው በተረፈው አንድ ንጉሥ ላይ ነው። ንጉሡ አሥራ ሦስት ነው የሚቆጠረው፣ ሁለት ዳይስ ደግሞ ቢገለበጥ ከአሥራ ሁለት አያልፍም። ስለዚህ ንጉሡ መቼም አይወርድም፤ ለሰው ይሰጣል እንጂ። ሁለቱ ዳይሶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ጥንድ ከወጡልህ፣ ካርታ በማውረድ ፈንታ ከእጅህ አንዱን ሸፍነህ በቀኝህ ላለው መስጠት ትችላለህ። እሱ እምቢ ማለት አይችልም።

ሌላ ሁለት ነገር አለ። ዳኛ አንዴ ከፈረደ አይደገምም። ዳኛ ላይ ባዳ አይቀመጥም። ባዳ የሚሉት እኔን ነው። ሁለት ልጅ ወልጄላቸውም ባዳ ነኝ፤ ወንበር ስቤ ማየት ግን ይፈቀድልኛል።

ያን እሑድ ከምሳ በኋላ የተሰበሰብነው በአማቴ፣ በባሌ እናት፣ ጉዳይ ነበር። የሚኖሩበት ቤት የፋብሪካው ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ፋብሪካው ኀዘናችን እስኪበርድ ታገሰና፣ በወሩ መጨረሻ ቁልፉን አስረክቡ አለ። አማቴ ደግሞ ባላቸውን በቀበሩ ሰሞን ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ አንደበታቸውም ተዘግቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆነው፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን ከጉሮሯቸው የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጆሯቸው ግን ደህና ነው፣ ልባቸውም ደህና ነው። ይህን የማውቀው ፀጉራቸውን የምሠራላቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። እንጀራዬ ፀጉር መሥራት ነው፣ ሐሜት ደግሞ አብሮት ይመጣል፤ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ሳማላቸው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ልጆቻቸው ግን የእናታቸው አንደበት ሲሄድ ጆሯቸውም አብሮ የሄደ ይመስላቸዋል። እናታቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ እነሱ በእናታቸው አናት ላይ ይነጋገራሉ።

«እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ» አለ አለቃ። አለቃ የቅጽል ስሙ ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ ነው። መኪና መንዳት ያስተምራል፣ ከመኪናው ወርዶም ሰውን ወደ ግራ ያዝ፣ ወደ ቀኝ ያዝ ማለቱን አይተውም። «አሳንሰሩ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው። እማዬን በጀርባዬ ላውጣት? ሚስቴ ደግሞ ግፊት አለባት፣ ታውቃላችሁ።»

«እኔስ ፈረቃ አይደለሁ?» አለች ሚጢ። ሚጢ የቤቱ የመጨረሻ ናት፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። «አንዱን ሳምንት ቀን፣ አንዱን ሳምንት ማታ። ከማን ጋር ትዋል? ከግድግዳው ጋር?»

ባሌ ሁለተኛው ልጅ ነው። ሴራሚክ ነጣፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ስለሚውል ቤት ሲገባ ጉልበቱ አይዘረጋለትም፣ አፉም እንደዚያው ነው። «እኛ ሁለት ክፍል ናት ያለችን። ልጆቹም አሉ» አለና ዞሮ እኔን አየኝ። ቃሉ የእኔ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ እስክንወርድ ድረስ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። አማቴን እወዳቸዋለሁ፤ ግን እሳቸውን ማን እንደሚያገላብጥ፣ ማን እንደሚያጥብ አውቃለሁ። ባሌ አይደለም። አለቃ ጋ ቢሄዱም አለቃ አይደለም።

የሚያናድደው ነገር ሦስቱም እውነታቸውን ነበር። አንድ ውሸታም ቢገኝ እሱ ላይ ተረባርበን በተገላገልን። እውነት ሲበዛባቸው ወደ ድሮ ቂም ዞሩ፤ ማን ኮሌጅ ገባ፣ ማን ቀረ፣ አባታችን ሲታመም ማን አስታመመ፣ ማን በስልክ ብቻ እህህ አለ። አለቃ ጠረጴዛውን መታ። ሚጢ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አማቴ ዓይናቸው ከተናጋሪው ወደ ተናጋሪው ይዞር ነበር።

ሚጢ ድንገት ብድግ አለችና ቁም ሳጥኑን ከፍታ ካርታውና ዳይሶቹ ያሉበትን የቆርቆሮ ሣጥን አወጣች።

«በቃ፣ በዳኛ እንቁረጠው» አለች። «አባዬም ቢኖር ይህንኑ ነበር የሚያደርገው።»

«እናት በካርታ?» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

«አንቺ አትግቢበት» አለኝ አለቃ። በክፋት አልነበረም፣ ልማዱ ነው። «እኛ እንዲህ ነው ያደግነው። የተሸነፈ እማዬን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚያኮርፍም፣ የሚያማርርም የለም።»

ባሌ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ያን ጊዜ ነው ሦስት መሆናቸውን ያስተዋሉት። አራተኛው አባታቸው ነበሩ። በሦስት ሲጫወቱት ንጉሡ ቶሎ ቶሎ እየተመላለሰ መላ ቅጡ ይጠፋል፤ ሞክረውት ያውቃሉ።

«እኔ ልቀመጥ» አልኩ።

«ዳኛ ላይ ባዳ አይቀመጥም» አለ አለቃ።

«እማዬ አለች አይደል እንዴ?» አለች ሚጢ። «አባዬ ሥራ ሲያመሽ አራተኛዋ እሷ ነበረች።»

እንግዲህ ልብ በሉ። ከባዳ ጋር ከሚጫወቱ፣ እናታቸውን ማን እንደሚወስድ ለመወሰን በሚጫወቱት ጨዋታ እናትየዋን ራሳቸውን ማስቀመጥ ቀለላቸው። አንዳቸውም አልሰቀጠጣቸውም። ቁጥሩ ሞላላቸው፣ አበቃ።

«እሳቸው ቢሸነፉስ?» አልኩ።

ሦስቱም ሳቁ። ከተሰበሰብን ወዲህ አንድ ላይ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። «እማዬ ተሸንፋ አታውቅም» አለ ባሌ። እውነቱን ነው። አማቴ ሁልጊዜ ቀድመው ነው የሚጨርሱት፤ ሽማግሌው በሕይወት እያሉ «ይቺ ሴትዮ ከዳይሱ ጋር በስልክ ትነጋገራለች» ይሉ ነበር አሉ።

ሚጢ ተንበርክካ «እማዬ፣ ትጫወቻለሽ?» አለቻቸው። አማቴ ልጃቸውን አተኩረው አዩአት። ፀጉሯን አዩ፣ ፊቷን አዩ። ከዚያ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወንበራቸውን ገፍቼ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋኋቸው። አንድ እጅ ብቻ ስላላቸው ካርታቸውን የምይዝላቸው እኔ ሆንኩ፤ ባዳ ካርታ እንዲይዝ ይፈቀድለታል፣ አፍ እንዲኖረው ነው የማይፈቀድለት። ከኋላቸው ቆሜ እዘረጋላቸዋለሁ፣ እሳቸው በግራ እጃቸው ጣት ይነካሉ፣ እኔ አወርዳለሁ። ከአለቃ ቀጥሎ በቀኙ ሚጢ፣ ከሚጢ ቀኝ አማቴ፣ ከአማቴ ቀኝ ባሌ ተቀመጡ።

አለቃ በወዘ፣ አደለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ አያምነኝም። ሰዎቹ ተለወጡ። አለቃ ዳይሱን መዳፉ ውስጥ እያንቀጫቀጨ «ፍሬን ያዝ፣ ፍሬን ያዝ» ይላል፤ ሚጢ «አታንቀጥቅጠው፣ ይዞርበታል» እያለች ታበሽቀዋለች። ባሌ፣ ያ አፉ የማይዘረጋው ሰውዬ፣ አንድ ትልቅ ካርታ ባወረደ ቁጥር «ተነጠፈ» ይላል፤ እነሱ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። አማቴም ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ አልተሳቀም። ለምን እንደሚጫወቱ ረስተውት ነበር ብል አላጋነንኩም። እኔ ግን አልረሳሁም፤ እኔ የምጫወተው አልነበረኝም።

ለአለቃ አራት አራት ወጣለት። አንድ ካርታ ሸፍኖ በቀኙ ወደ ሚጢ ገፋው። ሚጢ ገልጣ አየችና ጆሮዋ ቀላ፤ ይቺ ልጅ ፊቷ ምንም አይደብቅም። ንጉሡ እሷ ጋ እንደገባ ያኔ አወቅሁ። ብዙም ሳይቆይ አለቃ የመጨረሻ ካርታውን አወረደና እጁን እያፋተገ ከጠረጴዛው ተነሣ። «አራተኛ ፎቅ ተዘጋ» አለ።

ሚጢ ቀጥላ ጣለች። አንድ አንድ። ጥንድ ነው። ከካርታዎቿ አንዱን መዘዘች፣ ወደ አማቴ አንሸራተተችው። አነሣሁት። ንጉሡ ነበር።

ሚጢን አየኋት። ዓይኗ ያበራል፤ ከሳህን አጠባ ያመለጠች ልጅ ናት እንጂ፣ እናቴን ለእናቴ ሰጠሁ ብላ ያሰበች ሴት አይደለችም። ካርታ ነው የሰጠችው። በሚቀጥለው ዙር እሷም ጨረሰችና ወንድሟ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

ባሌና እናቱ ቀሩ። ባሌ እጁ ላይ አንዲት ካርታ ቀርታዋለች። አማቴ ጋ ሁለት አሉ፤ ቀይ ሁለትና ንጉሡ። ተራው የአማቴ ነው። ለባሌ ምንም አልተሸሸገም፤ ንጉሡ እሱ ጋ ከሌለ የት እንዳለ ያውቃል። ጥንድ ከወጣ ንጉሡ ወደ እሱ፣ ማለትም ወደ እኛ ሁለት ክፍል ይመጣል። ጥንድ ካልወጣ ግን ባሌ በሚቀጥለው ሊጨርስ ይችላል፣ ንጉሡም ያለበት ይቀራል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጥንድ አይውጣ ብዬ ጸለይኩ።

አማቴ ዳይሶቹን በግራ እጃቸው አፍሰው ለቀቋቸው። ሦስት ሦስት።

ባሌ ወደ እናቱ ዞረና መዳፉን ዘረጋ። አልተጨቃጨቀም፣ ፊቱንም አላጠቆረም። ሲሚንቶ የሰነጠቀውን መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። በትዳራችን እንደዚያች ደቂቃ ኮርቼበት አላውቅም፤ ጸሎቴን ረሳሁት።

አማቴ የልጃቸውን መዳፍ አዩት። ከዚያ አንገታቸው በሚችለው መጠን ዞረው እኔን አዩኝ። አልተቀየሙኝም። ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር። ጣታቸውን ቀይዋ ሁለት ላይ አሳረፉ።

«እማማ፣ ይሄኛው ነው» አልኩ በጆሯቸው፣ ንጉሡን ወደፊት ገፋ አድርጌ። አፍ የለሽም የተባልኩትን ረስቼዋለሁ። «ጥንድ እኮ ነው። ይስጡት።»

ጣታቸው ከቀይዋ ሁለት አልተነሣም። መልሰው መላልሰው መቷት። አወረድኳት። ንጉሡ ብቻውን እጄ ላይ ቀረ።

አማቴ ዳይሶቹን በእጃቸው ጀርባ ወደ ልጃቸው ገፉለት።

«እማዬ» አለ ባሌ።

ጠበቁት። ዳይሶቹን አነሣ፣ ያዛቸው፤ ወንድሙን አየ፣ እህቱን አየ። ማንም ተው አላለውም። ጣለ። ሰባት ወጣ። በእጁ ያለችው አራት ነበረች። ሕጉ ካለህ ታወርዳለህ ነው የሚለው፤ አወረዳት። ያን ጊዜ «ተነጠፈ» አላለም።

ንጉሡን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር ተገላገልን የሚል ነበር። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እፎይ አልኩ። እፍረቱ የመጣው እሱን ተከትሎ ነው፣ እስካሁንም አልሄደም።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለች ሚጢ። ድምፅዋ ተለውጧል። «ንጉሡን እኔ ነኝ እኮ የሰጠኋት።»

«ጥንድ ወጥቶላቸው አልሰጡም» አልኩ። «ሁላችሁም አይታችኋል። ሆን ብለው ነው።»

«ይሄ አይቆጠርም» አለ አለቃ። «እማዬ አራተኛ እንድትሆን ነው እንጂ... እንደገና እንበውዝ።» እጁን ወደ ካርታው ዘረጋ።

አማቴ ቀደሙት። ግራ እጃቸውን ካርታው ላይ ጣሉና ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ከዚያ ካርታውን በክንዳቸው እየሰበሰቡ ወደ ቆርቆሮው ከተቱ፤ ዳይሶቹን ከተቱ፤ ክዳኑን በመዳፋቸው ተጫኑት። እንዳግዛቸው እጄን ብዘረጋ በክርናቸው ገፉኝ። ዳኛ አይደገምም። ይህን ሕግ ለልጆቹ ያስተማሩት ከባላቸው ጋር እሳቸው ናቸው።

ሕጉ አዳናቸው። ሦስቱም ሲድኑ በዓይኔ አየሁ። አለቃ ወደ መስኮቱ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። «ከክሊኒኩ ጀርባ አንድ የአረጋውያን ማረፊያ አለ ይባላል» አለ። «ንጹሕ ነው አሉ። ሐኪምም አላቸው።» ሚጢ አለቀሰች፣ ግን አይሆንም አላለችም። አለቃ ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ከማንም አልጠየቀም፤ ስልኩ ውስጥ ነበረው። ከመቼ ጀምሮ እንደነበረው የጠየቀው የለም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ባሌን «ነገ ሂድና የተሸነፍኩት እኔ ነኝ በል» አልኩት።

«ሁለት ክፍል ናት ያለችን» አለኝ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ።

ወደ ማረፊያው የወሰድናቸው ሁላችንም ሆነን ነው። አለቃ ክራቫት አስሮ መጣ፤ የማስተማሪያውን መኪና ቀስ አድርጎ ነዳ፣ በየጉብታው «አይዞሽ እማዬ» ይላል። በዋዜማው ፀጉራቸውን አጥቤ ሠርቼላቸዋለሁ። የሰፈሩን ሐሜት ሁሉ ጨርሼ ብነግራቸው ትከሻቸው አልተንቀጠቀጠም።

አለቃ እንዳለው ንጹሕ ነው። ኮሪደሩ በረኪና በረኪና ይሸታል። በግድግዳው ጥግ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ወንበሮቹ ላይ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ያያሉ። አንዲት አሮጊት ሚጢን በልብሷ ያዘቻትና ልጄ መጣች አለች። ሚጢ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴትዮ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ደግ የምትመስል ናት። ወንበር ሰጠችን፣ ስለ መድኃኒታቸው ጠየቀች፣ ስለ እንቅልፋቸው ጠየቀች። ሚጢ እየተሽቀዳደመች መለሰችላት።

«ጥሩ» አለች ሴትዮዋ። «ተጠሪያቸው ማነው? ቢታመሙ የምንጠራው፣ እኔ ነኝ ኃላፊያቸው የሚል ሰው።»

አለቃ ጉሮሮውን ጠራረገና ክራቫቱን ማስተካከል ጀመረ። ሚጢ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ነገር ፍለጋ ገባች። ባሌ ወለሉን አየ፤ ሴራሚኩ ተዛንፎ ነው የተነጠፈው፣ እሱን የሚያይ ይመስላል። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከተች። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

ከእኔ በፊት አማቴ ግራ እጃቸውን አነሡ።

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «አይ እማማ» አለች ጎንበስ ብላ፣ ጆሮ እንደሌለው ሰው ጮክ አድርጋ፤ «እርስዎን አይደለም። የሚወስድዎትን የቤተሰብ ሰው ነው የጠየቅኩት።»

አማቴ እጃቸውን አላወረዱም።